በጸሐፊው ቦታ የተጠራው ስም

ጽድ አምባ፣ ጊሼ
ሰኞ፣ የካቲት ፲፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
ሁዳዴ በገባበት ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለ ………………

ቦታውን ባዶ የተውኩት ስምሽን መጻፍ አቅቶኝ እንዳይመስልሽ። እችላለሁ! ዛሬ ጠዋት ብቻ በመሲ ደብተር ላይ አሥር ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ የመጀመሪያው ፊደል ትንሽ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው ቀላል ነው። ለምን እንደተውኩት ስትጨርሺ ይገባሻል። አሁን ግን ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ፤ እሳት ላይ የጣድሽው ነገር ካለም አውርጂው።

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ትምህርትሽ፣ የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ከመሆንም አልፈናል። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ልቡ ይረጋል ይላሉ፤ የኔ ከትናንት ወዲህ እንደ ጥጃ እየዘለለ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ እናትሽ ይዘንጋሽ፣ በገዛ እጄ። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ደብዳቤ ደርሶሻል፤ አሥራ አንዱንም እኔ እየተናገርኩ አባትሽ ነው የጻፈው። አሥራ ሁለተኛው ይኸው የኔ ነው። ፊደሌ እንደ ተበተነ ገብስ ቢሆንብሽ አትሳቂብኝ። ብትስቂም ግድ የለም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ያስተማረችኝ መሲ ናት። መሲን በስልክ ድምጿን እንጂ መልኳን አታውቂም፤ ጓሯችን ያለችውን ክፍል የተከራየችው የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ባለፈው መስከረም ቆዳ ስፍቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ‹‹እማማ፣ ይሄ ሁሉ ብራና በእጅዎ አልፎ አንድ ፊደል አያውቁም?›› አለችኝ። ነገሩ ቆረቆረኝ፤ እውነቷን ነዋ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፍየል ቆዳ ወጥሬ፣ ፍቄ፣ ከጥቀርሻ ቀለም በጥብጬ ለአባትሽ አቀርባለሁ፤ እሱ ላዩ ላይ ምን እንደሚጽፍ ግን አላውቅም። ወጡን ሠርቶ እንደማይቀምስ ሰው ማለት ነው። በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጀመርን። ‹‹ሀ ሁ›› ስል አባትሽ በበሩ ሲያልፍ ሰምቶ ‹‹በሃምሳ አራት ዓመትሽ ድቁና ልትቀበይ ነው?›› ብሎ ሳቀብኝ። ‹‹ቦታ ካለ ምን ከፋኝ›› አልኩት።

አሁን እጄ ስለተፈታ አንድ ነገር በራሴ ቃል ልጻፍ። ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ከኔ ዘንድ ግን ተጽፎ አያውቅም፤ ይጽፍልኝ የነበረው ራሱ ባለጉዳዩ ነበርና። ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ ከመምህሮችሽ ጋር መጥተሽ፣ ደብሩ ፈቅዶላችሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍት ፎቶ አነሳችሁ። በሳምንቱ ጥንታዊው ዳዊት ከዕቃ ቤት ጠፋ ተባለ። ሰዉ መጀመሪያ አንቺን ጠረጠረ፤ ቀጥሎ አባትሽን። ‹‹መንገዱን ያሳየችው የጸሐፊው ልጅ ናት›› አሉ። አባትሽ ያንን ስድብ መሸከም አቃተው። በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ፣ መቃ ብዕሩን ከፍ አድርጎ፣ ‹‹ከእንግዲህ ስሟን በዚህ እጄ አልጽፍም!›› ብሎ ማለ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ።

ዳዊቱ በሦስተኛው ወር ተገኘ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ሽማግሌ ጣሪያው ሲያፈስ ሰግተው ቤታቸው ወስደው ሣጥን ውስጥ ሸሽገውት ኖሯል፤ ከዚያ ታመው አልጋ ሲይዙ ለማንም አልተናገሩም። ሰዉ ይቅርታ ጠየቀ፤ አባትሽም ይቅር አለ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ መሐላው ግን አልተመለሰም። ጸሐፊ በብዕሩ ከማለ ማለ ነው ይላል። አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ! ‹‹አባዬ ስሜን በእጁ ጽፎ ካልጠራኝ እዚያ ቤት አልገባም›› አልሽና ወጣሽ፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጀርመን። ይኸው ስድስት ዓመት። በየእሑዱ ስልክ ስትደውዪ እሱ ብድግ ብሎ ‹‹በጎቹን ልይ›› ይላል፤ በጎቹ ዓይኑ ሥር ቆመው። በሁለት ግትሮች መካከል የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሆን እኔን ጠይቁኝ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ ሸክላ ደብዳቤዎቹ የላክሽው የድምጽ መልእክት ከሦስት ሳምንት በፊት ደረሰን። መሲ ግቢ ውስጥ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፈተችው። አባትሽ ፀሐይ ላይ በርኖሱን ለብሶ ብራና ላይ በወስፌ መስመር ያሰምራል። ስልክ አይደለም፣ የተቀዳ ድምጽ ነው ብሎ ነው መሰል አልተነሳም። ያልሽውን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከሦስት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ደብዳቤ፣ በጭቃ ላይ የተጻፈ! የከነዓን ከተሞች ገዢዎች ለግብጽ ንጉሥ የላኩት! ጸሐፊዎቹ የሚጽፉት በባቢሎን ቋንቋ ነው፤ እነሱ ግን ባቢሎንን አይተዋት አያውቁም፤ ከመምህር የተማሩት ነው። ስለዚህ የእናታቸው ቋንቋ ከሥር እየገፋ ይወጣባቸዋል፤ ቃሉ የባቢሎን፣ አካሄዱ የከነዓን። አንዳንዴ ደግሞ ጋደል ያለች ጭረት ያደርጉና ከሷ ቀጥሎ የአገራቸውን ቃል ጣል ያደርጋሉ። አንቺ ያንን ድብልቅ እያየሽ ገዢው የተናገረው የቱ፣ ጸሐፊው ከራሱ የጨመረው የቱ እንደሆነ ለመለየት ትሞክሪያለሽ። ሥራሽ ይኼ እንደሆነ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። በፊት ሸክላ ስትሠሪ ነበር የሚመስለኝ፤ እውነቴን ነው።

ከዚያ ስለ ኢየሩሳሌሙ ገዢ ደብዳቤ ተናገርሽ። ለንጉሡ የሚጻፈው ካለቀ በኋላ ከግርጌ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ ለንጉሡ ሳይሆን ለንጉሡ ጸሐፊ የተጻፈ፤ ‹‹ቃሌን መልካም አድርገህ ለንጉሡ አሰማልኝ›› የሚል። ‹‹ለእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ነው›› አልሽ። አባትሽ ወስፌውን ጣለው።

‹‹ይሄማ የኛ ነው!›› አለ። መሲ ደንግጣ ስልኩን አጠፋችው። ‹‹ለምን ታጠፊዋለሽ? ድገሚው!›› አላት።

ሦስት ጊዜ አስደገማት። ከዚያ እንደ ልጅ ተነስቶ ቤት ገባና ከወንጌሉ ኅዳግ የገለበጠውን ወረቀት ይዞ ወጣ፤ ያንን የድሮውን የርስት ስጦታ የሚናገረውን። ‹‹ተመልከቺ›› ይላታል መሲን፣ ‹‹ጸሐፊው በግዕዝ ጀመረ። ግዝቱ በግዕዝ፣ ምስክሮቹ በግዕዝ። የመሬቱ ወሰን ጋ ሲደርስስ? የሰነፍ ወንዝን፣ የዝንጀሮ ገደልን፣ ግራሯን በምን ግዕዝ ይጻፈው? ተወውና በአማርኛ ጻፈ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ግዕዙ ገባ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት አገር! ሰው ይሄን አይቶ ‹ጸሐፊው ግዕዝ አይችልም› ይላል። ይችላል! ግን እናቱ አማርኛ ናት። በይ ይሄን ንገሪያት፣ ለዚያች ልጅ!››

‹‹መርጌታ፣ ራስዎ ቢነግሯት አይሻልም?›› አለች መሲ።

እሱ ጎንበስ ብሎ ወስፌውን እያነሳ እንዲህ አለ፦ ‹‹ጸሐፊ የተነገረውን ብቻ ይጽፋል ያለው ማን ነው? እጁ ከልቡ ጋር የተሰፋ ነው።›› ጆሮው ቀልቶ ነበር። ፀሐይ ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ ሞኝ!

አሁን ትናንት ላይ ደረስን። ትናንት ኪዳነ ምሕረት ነበረች፤ ቅበላም በዚያው ቀን ዋለ፤ ሁለት በዓል በአንድ ራስ። የመሐል ሜዳው ነጋዴ አቶ ፋንታሁን ሚስታቸው ድና ስለተነሳችላቸው ለደብራችን ተአምረ ማርያም ለማጻፍ ተስለው ነበር። አባትሽ ስምንት ወር ጻፈው፤ ቆዳውን እኔ ፍቄ። መጽሐፉ የሚገባው ትናንት ነበርና አቶ ፋንታሁን ከነቤተሰባቸው መጥተው ከፊት ቆሙ። የኛን ደብር ልማድ ታስታውሺያለሽ፤ አዲስ መጽሐፍ መጀመሪያ በተነበበበት ቀን የመጨረሻዋ ገጽ በሰው ፊት ትነበባለች፤ ያስጻፈውም የጻፈውም በክርስትና ስሙ ይጠራል፤ ሕዝቡም ‹‹አሜን›› ይልለታል።

መምሬ ትዕዛዙ ነበሩ የሚያነቡት። ተአምሩን ጨርሰው ወደ መጨረሻዋ ገጽ ገቡ። ‹‹ለዘአጽሐፎ ገብረ ሥላሴ›› አሉ፤ ላስጻፈው ለገብረ ሥላሴ ማለታቸው ነው። አቶ ፋንታሁን አንገታቸውን ደፉ፤ አሜን አልን። ‹‹ወለዘጸሐፎ›› ሲሉ፣ ለጻፈው ማለታቸው ነውና፣ እኔ ለአባትሽ ስም አሜን ልል አፌን ከፍቻለሁ። መምሬ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ወደ አባትሽ ቀና ብለው አዩ፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦

‹‹ወለዘጸሐፎ… ወለተ ኪዳን።››

ያንቺ የክርስትና ስም! በጸሐፊው ቦታ!

እኔ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። አያልነሽ፣ ክርስትና ያነሳችሽ እናትሽ፣ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ትከሻዬን ጨብጣ ‹‹ይዘንጋሽ፣ እሷ ናት!›› ስትለኝ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ እልልልል ብዬ ለቀቅኩት። ሰው ዝም ብሎ በቆመበት፣ ካህኑ መጽሐፉን ሳያጥፉ! አያልነሽ ተከተለችኝ። የቀሩት ሴቶች ‹‹የእልልታው ቦታ እዚህ ነው ለካ›› ብለው ሁሉም እልል አሉ። ዲያቆኑ ግራ ገብቶት ደወሉን መታ። ከፊት የቆሙት አቶ ፋንታሁን ለሳቸው ስም የተደረገ መስሏቸው በደስታ አለቀሱ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ይኼ አልበቃ ብሎ ስንወጣ ሴቶቹ ከበቡኝ። የክርስትና ስም ከንስሐ አባትና ከቤተ ዘመድ በቀር ማን ያውቃል? ሴት ናት የጻፈችው ተብሏል፤ በደብሩ ፊደል የምትቆጥር የጸሐፊ ሚስት ደግሞ እኔ ነኝ። ‹‹ይዘንጋሽ፣ ተደብቀሽ ነው እንዴ ተአምረ ማርያም የጻፍሽው?›› ይሉኛል፤ ጉልበቴን ሊስሙ የመጡም አሉ። በአምስት ወር ፊደል! አያልነሽ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከአጥሩ ሥር ቁጭ አለች።

አባትሽን ቁልቁለቱ ላይ ደረስኩበት። እግሩን አፍጥኖ ነበር፤ እኔ ግን ከሱ እፈጥናለሁ። ‹‹አንተ ሰውዬ! ቁም!›› አልኩት።

‹‹ምን ሆንሽ?››

‹‹ምን ሆንሽ? በብዕርህ ምለህ አልነበረም?››

‹‹ስሟን አልጽፍም ብዬ ነው የማልኩት። ያ የቤት ስሟ ነው፤ እኔ ነኝ ያወጣሁላት። የክርስትና ስሟን ያወጣችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በሱ አልማልኩም።››

ስድስት ዓመት ሙሉ መሐላውን እንደ ቆዳ ወጥሮ ቀዳዳውን ሲፈልግለት ኖሯል! ‹‹ስንት መጽሐፍ ላይ ነው እንዲህ ያደረግከው?›› አልኩት።

‹‹አምስት።›› አንዱ ዘመሮ ነው ያለው፤ አንዱ ራቤል፤ ሌሎቹን ለካህናት ነው የጻፈው፤ ስምሽ በሰሜን ሸዋ ሁሉ ሲጸለይበት ከርሟል።

‹‹የራስህ ስምስ? ማን ይጸልይልህ?››

‹‹እኔን እግዜር ያውቀኛል›› አለና መንገዱን ቀጠለ።

እንዳላለቅስ ብዬ ተሳደብኩ፤ ምን እንዳልኩት ጾም ስለገባ አልጽፍልሽም። ቤት ስንደርስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሙዳዩ! አባትሽ የኔን ቃል መጀመሪያ በደብተር ወረቀት ላይ ይሞክረውና ኋላ ነው በንጹሕ የሚገለብጠው። የሞከረበትን ‹‹እሳት ውስጥ ጨምሪው›› ይለኛል። እኔ ደግሞ ጽሑፍ አላቃጥልም፤ የእግዜር ስም ያለበት ነገር እንዴት ይቃጠላል? እያጣጠፍኩ ከብራና ቁርጥራጩ ጋር ሙዳይ ውስጥ አኖራለሁ። አሥራ አንዱም እዚያ ነበሩ። በፊት ለኔ ዝም ብሎ ወረቀት ነበር፤ ትናንት ግን ማንበብ የምችል ሰው ነኝ!

ዶሮው እሳት ላይ ነበር። መምሬ ትዕዛዙ ለቅበላ ምሳ መጥተው ተቀምጠዋል። እኔ ማማሰያዬን ትቼ መሬት ላይ ወረቀት ዘርግቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። ‹‹ላሚቱ ወለደች፤ ወይፈን ነው።›› ይኼ የኔ ነው። ከሱ ቀጥሎ ግን እኔ ያልተናገርኩት አለ፤ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ቃሉን አላውቀውም፦ ‹‹ወልብየሰ ምስሌኪ።›› ሌላው ላይ፦ ‹‹ዘንድሮ ውርጭ ባቄላውን መታው›› ብያለሁ፤ ከሱ ቀጥሎ ‹‹ዕቀቢ ርእሰኪ እምቍር።›› ሌላው ላይ የአያልነሽን ልጅ ሠርግ አውርቼ ሳበቃ ‹‹ነፍስየ ትጸንሕ ምጽአተኪ።›› በሁሉም ላይ አለ፤ አንድ የቀረ የለም። መሲን ጠየቅኳት፤ እሷም ግዕዝ አታውቅም። ወረቀቱን ለመምሬ ሰጠኋቸው።

‹‹የመጀመሪያው ‹ልቤ ግን ካንቺ ጋር ነው› ማለት ነው›› አሉ። ሁለተኛውን አዩና ፈገግ አሉ፤ ‹‹‹ራስሽን ከብርድ ጠብቂ›።›› ሦስተኛው ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ‹‹‹ነፍሴ መምጣትሽን ትጠብቃለች› ይላል፣ ይዘንጋሽ።››

ለካ ሰውዬው በጎቹን ሊያይ አይደለም የሚወጣው!

ቆይ፤ አሁን ደግሞ ወዳንቺ ልዙር። አንቺ ግዕዝ ታውቂያለሽ፤ ተምረሽዋል። አሥራ አንዱም ደብዳቤ እጅሽ ላይ ነው። ሥራሽ ገዢው የተናገረውን ጸሐፊው ከጨመረው መለየት ነው። ስለዚህ ታውቂ ነበር! ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ታውቂ ነበር! ኔትወርክ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ነው ደብዳቤ የጀመርነው፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ‹‹በቃ እንግዲህ እንደዋወል›› ስልሽ ‹‹እማዬ፣ ስልኩም ይሁን፤ ደብዳቤው ግን አይቅርብኝ›› ያልሽው ለምን እንደነበር ትናንት ገባኝ። እኔ የላሚቱን ወሬ ወደሽው ነበር የመሰለኝ። ያ ከግርጌ ለጸሐፊው የተጻፈው ደብዳቤስ? ያንን ድምጽ የላክሽው ለኔ ነው ወይስ ወስፌ ይዞ ለተቀመጠው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ስድስት ዓመት ሙሉ በኔ አፍ ስትነጋገሩ እኔ መካከላችሁ እንደ ግድግዳ ቆሜ ስለ ባቄላ አወራለሁ። ተናደድኩ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ሳቅኩ። ከዚያ ዶሮው አረረ።

ያረረውን በላን። ምሳ እንዳበቃ መምሬ አባትሽን ጠሩት። ‹‹መርጌታ፣ በብዕር የተማለ በንስሐ ይፈታል። ነገ ሁዳዴ ነው። ጠዋት አርባ ስገድ፤ ከዚያ በኋላ እጅህ ነጻ ነው። መጻፍ አለመጻፍ ግን ያንተ ፈንታ ነው፤ እሱን እኔ አላዝህም›› አሉት። አባትሽ እጃቸውን ሳመና ወጣ።

ዛሬ ጠዋት ሰገደ። በመስኮት ሆኜ ቆጠርኩለት፤ አርባ ሁለት ሆነ። ‹‹ሁለቱ ለምንድን ነው?›› ስለው ‹‹ተሳስቼ ነው›› አለኝ። አባትሽ ቁጥር ሲሳሳት አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ለዚህ ነው። ጸሐፊዎች በቀይ ቀለም የሚጻፈውን ስም ኋላ ሊሞሉት ቦታ ይተዉለት የለ? እኔም አውራ ጣቴን አስቀምጬ ለክቼ ተውኩለት። ይህን ስጨርስ ደብዳቤውን ብራና የሚጽፍበት ሳንቃ ላይ አኖረውና በጎቹን ልይ ብዬ እወጣለሁ። ዛሬ ተራው የኔ ነው። ስመለስ መሲ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ ቦታው ቢሞላም ባይሞላም። ባይሞላ እንኳ አባትሽን አትቀየሚው፤ አርባ ሁለት የሰገደ ሰው ነው። ቢሞላ ግን፣ ልጄ፣ ሌላ ምክንያት እንዳትፈልጊ። ክረምት ላይ ትምህርቴን እጨርሳለሁ ብለሻል። በሩን ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወረቀቶቹን ሳነብ የራሴን ቃል ብቻ ለይቼ ተመለከትኩት። ላም፣ ባቄላ፣ ሠርግ፣ ዝናብ። አሥራ አንድ ደብዳቤ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ናፈቅሽኝ አላልኩም። አፍሬ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ እንዲህ ያለ ነገር ማስጻፍ ከብዶኝ ነው፤ እሱ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ። ናፍቀሽኛል። አልጋሽን በሳምንት አንድ ቀን አራግፋለሁ፤ ማንም አይተኛበትም። የጠራሽኝ እየመሰለኝ በሩን ከፍቼ አውቃለሁ። በጣም ናፍቀሽኛል። ይኸው፤ ያለ ግዕዝ።

ኪዳነ ምሕረት በሄድሽበት ትቅደምልሽ። የምታነቢውን ታብራልሽ፣ የምትረግጪውን ታለስልስልሽ። ያ የሦስት ሺህ ዓመት ጭቃ በእጅሽ እንዳይሰበር ትጠብቅልሽ። የጾሙን ወራት በደህና አስፈጽማ ዓይን ለዓይን ታገናኘን።

እናትሽ
ይዘንጋሽ
(ይህን ስም ራሴ ነኝ የጻፍኩት!)



ለሸክላዎቹ ጸሐፊ። አነ ጸሐፊ ዓምደሚካኤል እንዲህ እላለሁ፦ የእናትሽን ቃል መልካም አድርገሽ አንብቢው። ፊደሏ ይንገዳገዳል፤ ቃሏ ቀጥ ያለ ነው፤ አንድም አልጨመርኩበትም። ከላይ የተወችልኝን ቦታ አየሁት። ጠባብ ነው። ስድስት ዓመት ያልተጻፈ ስም እዚያ አይበቃውም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት፤ በቀይ ቀለም።

ጽናት ዓምደሚካኤል